ሽቦ ያለፈባት የዋንዛ ዓሣ

ባለቤቴ አዘዞ ውስጥ አናጢ ነበር። በተጋባን ሰሞን ዓሣ ማታለያ እንድትሆን ከዋንዛ ቁራጭ ትንሽ ዓሣ ጠረበ፤ ሆዷ ላይ መንጠቆ በምስማር መታና ጎርጎራ ወሰደኝ። ሐይቁ ዳር ትልቅ አምባዛ ነከሳት፤ ስንጎትት ግን ምስማሩ ተነቀለና አምባዛው ከነመንጠቆው አመለጠ።

«ምነው እንደ ዶቃ ብትሰካት?» አልኩት። «ሽቦው ባፏ ገብቶ በጅራቷ ይውጣ።»

በሳምንቱ እንጨቷን ከአፏ እስከ ጅራቷ በስቶ ሽቦ አሳለፈባት፤ ሁለቱንም ጫፍ ቀለበት አድርጎ ጠመዘዘና ከፊት ክሩን፣ ከኋላ መንጠቆውን አሰረ። ያን ቀን የያዝነው አምባዛ ጎረቤቱን ሁሉ አጠገበ።

ባለቤቴ ካረፈ ቆየ። ዛሬ የፕላስቲክ ዓሣ በየሱቁ ሞልቷል። እኔን የሚናፍቀኝ ግን ያን ምሽት ለበላው ሰው ሁሉ «ብልሃቱ የእሷ ነው» እያለ ሲያወራ ፊቱ ላይ ያየሁት ደስታ ነው።