ሰይድን ሳነሳ የሚመጣብኝ ሳቅ

ከደሴ የወጣሁት ሰኞ ገበያ ገና ሳይከፈት፣ ብርዱ ጆሮ በሚቆርጥበት ንጋት ነው። ኮምቦልቻ ስወርድ ሙቀቱ ተቀበለኝ። ጓደኛዬ ሰይድ ከእናቱ ጋር ከደጋን መጥቶ መናኸሪያው በር ላይ ይጠብቀኝ ነበር።

«ለዚህ ልጅ ሁሉ ነገር ቀልድ ነው» አሉኝ እናቱ፣ እትዬ ዘይነባ። «አንተ ጠብቅልኝ። ወላሂ በል!»

ክርስቲያን ነኝ፤ ግን ወላሂ አልኩ።

ሱዳንንና ሊቢያን አለፍን። ባሕሩ መሐል የጀልባዋ ሞተር ጠፋ። ሰው ሁሉ ሲያለቅስ ሰይድ ብድግ ብሎ፣ ዳገት ላይ ሚኒባስ የቆመበት ይመስል፣ «ረዳት! ወርደን እንግፋ እንዴ?» አለ። አማርኛ የምንሰማው ሆዳችንን ይዘን ሳቅን። ከዚያ ማዕበሉ መጣ። ጀልባዋ ስትገለበጥ እጁ እጄ ውስጥ ነበር። ከውሃው ሲያወጡኝ አልነበረም።

እናንተዬ፣ ጀርመን ገብቼ ይህንን ለጥገኝነት ጉዳይ መርማሪዋ ስነግራት ሳቅሁ። አስተርጓሚው አቀረቀረ።

«ጓደኛህ ሞተ እያልክ ትስቃለህ?» አለችኝ።

«አዎ።»

«የሚያስቅ ነገር አለው?»

«አለው። ግን ዳገት ላይ ሚኒባስ ገፍተው ካላወቁ አይገባዎትም።»

እሱንም ጻፈችው።

ከብዙ «ቴርሚን» በኋላ፣ ቀጠሮን እንዲህ ነው የሚሉት፣ ሐኪም ዘንድ ደረስኩ። ሽቦ የበዛበት ቆብ አጠለቀልኝና ስለ ሰይድ እንዳወራ አዘዘኝ። ስክሪኑ ላይ መስመሮቹ ተራወጡ።

«አእምሮ ጭንቀት ሲበዛበት አንዳንዴ በሳቅ ይተነፍሳል» አለኝ።

«ታዲያ ሳቄ ሐዘን ነው?»

«እሱን መሣሪያው አይነግረንም።»

ያገሬ ጠንቋይ ቢሆን ቢያንስ አፉን ሞልቶ ይዋሸኝ ነበር።

እትዬ ዘይነባን ግን ወራት ሸሸኋቸው። አገር ቤት መርዶ ብቻህን አትናገርም፤ ሽማግሌ ይዘህ፣ ማልደህ ነው የምትሄደው። ደጋን ላሉ ሽማግሌዎች ልደውል አልኩ፤ ግን ወላሂ ያልኩት እኔ ነኝ። ትናንት ራሴ ደወልኩ።

«አሰላሙ አለይኩም፣ እትዬ።»

«ወአለይኩም ሰላም፣ ልጄ! ምነው ጠፋችሁ? ሰይድስ?»

«ሰይድ…» ስል ሳቁ መጣብኝ። አፌን በመዳፌ አፈንኩት፤ አመለጠኝ።

ከዚያ ድምፃቸው ፈካ።

«ትስቃለህ! አጠገብህ ሆኖ እያሳቀህ ነው፣ አይደል? አልሃምዱሊላህ! ስጠው እስቲ፣ ላናግረው።»