ስሙን የማይጠራው የአይከል ልጅ

ትናንት ፒያሳ ያለው ቢሯችን መብራት ሲጠፋ፣ አዲሷ ተቀጣሪ እርሳስ ቀርጻ የኮምፒውተር ኮዷን ወረቀት ላይ መጻፍ ጀመረች። የእርሳሱ ሽታ አፍንጫዬ ሲገባ ዩኒቨርሲቲ ሳለን ማራኪ ግቢ የተማርንበት ክፍል፣ አቧራ የጠጣው መጋረጃና ከአይከል ከተማ መጥቶ አብሮን የተማረው ልጅ ትዝ አሉኝ።

እውነቱን ልንገርህ፣ ሰው አላምንም ነበር። አባቴ ነጋዴ ናቸው፤ «ጠርጥር፣ ከገንፎም አይጠፋም ስንጥር» እያሉ ነው ያሳደጉኝ። የመመረቂያ ሥራዬን ከአይከሉ ልጅ ጋር እንድሠራ ስመደብ ገና ከመጀመሪያው ቀን ጠረጠርኩት። ክፍላችን ውስጥ ዳታቤዝ፣ ማለትም የኮምፒውተር መረጃ ቋት፣ የምንጠይቅበትን ቋንቋ «ሲኩዌል» ብሎ የጠራ እንደ አዋቂ ይታይ ነበር፤ «ኤስ ኪው ኤል» ያለው ገና ጀማሪ ነው ተብሎ ይሳቅበታል። እሱ ሁለቱንም አይልም፤ «ቋንቋው» ብቻ ነው የሚለው። ኮምፒውተሩንም አይነካም። ጠዋት ጠዋት በእርሳስ የተሞላ ወረቀት ያመጣል፣ እኔ ኮምፒውተሩ ላይ እጽፈዋለሁ፣ አንድም ስህተት አይገኝበትም።

የቋንቋውን ስም እንኳ መጥራት የሚፈራ ሰው እንዴት እንዲህ ይጽፋል? የሚሠራለት ሰው አለ ብዬ ደመደምኩ። የእጅ ጽሑፉን ከፈተና ወረቀቱ ጋር አመሳከርኩ፣ አብረውት የሚያድሩትን ልጆች አውጣጣሁ። ምንም ማስረጃ ሳላገኝ ጥርጣሬዬን ለመምህራችን ነገርኩ። ከተረጋገጠበት እንደማይመረቅ አውቅ ነበር።

መምህራችን ሁለታችንንም ጠርተው አዲስ ጥያቄ ሰጡት፤ ከወረቀት በቀር ምንም አልፈቀዱለትም። ከንፈሩ እየተንቀሳቀሰ ጻፈ። ኮምፒውተሩ ላይ ሲሞክሩት ልክ ሆነ። የት እንደተማረው ሲጠይቁት፣ አገሩ ሳለ ኮምፒውተር ስላልነበረው ከአንድ አሮጌ መጽሐፍ ላይ ሰንጠረዡን እየሣለ፣ መልሱንም ራሱ እየፈለገ እንደተማረ ነገራቸው። የቋንቋው ስም ሲጠራ ግን ሰምቶ አያውቅም ነበር። ማራኪ ሲመጣ አጠራሩ ሁለት ሆነበት፤ እንዳይሳቅበት ስሙን መጥራት ተወ።

ስንወጣ በረንዳው ላይ ቆመና፣ «ምነው መጀመሪያ እኔን አልጠየቅሽኝ?» አለኝ። ሥራውን አብረን ጨረስን፤ ከሥራው ውጭ ግን ቃል አልተለዋወጥንም።

በምረቃችን ቀን አባቱ ከአይከል መጡ። እጄን በሁለት እጃቸው ያዙ።

«ልጄን ስታግዢው የኖርሽ አንቺ ነሽ አሉ። ሸጋ ልጅ ነሽ፣ እግዜር ይስጥሽ የኔ ልጅ።»

ለአባቱ የነገራቸው ይህን ነበር። ቀና ብዬ ሳየው ፊቱን ወደ ሌላ አዞረ። አፈርኩ፣ እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም። «አሚን» አልኩ። ይቅርታ ግን እስከ ዛሬ አልጠየቅሁትም።