ከአንድ ትሪ መብላት ያቆምኩበት ዓመት

ጅጅጋ የተመደብኩት የመምህርነት ዲፕሎማዬን እንደያዝኩ ከወሎ ነው። ሶማሊኛ አልችልም፤ የማውቀው ሰውም አልነበረኝም። በመጀመሪያው ሳምንት የሂሳብ መምህሩ ክንዴን ይዞ ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ወዳለች የቆርቆሮ ምግብ ቤት ወሰደኝ። እሱ የከተማው ልጅ ነው፤ አማርኛ የለመደው ከወታደር ልጆች ጋር ኳስ ሲጫወት ነው። የምግብ ቤቱን ባለቤት «ኤዶ» አላቸው፤ አክስቴ እንደማለት ነው። እኔም ከዚያ ቀን ጀምሮ ኤዶ አልኳቸው። ሩዝና የግመል ሥጋ በአንድ ትሪ አቀረቡልን። ጓደኛዬ ሙዝ ልጦ ሩዙ ላይ ሲቆራርጥ ዓይኔን ማመን አቃተኝ።

«ብላ፣ ትለምደዋለህ» አለኝ።

ለመድኩት። ሰባት ዓመት ምሳችንን ከአንድ ትሪ በላን።

አተት ከተማው ውስጥ የገባ ጊዜ የሰው አበላል በአንድ ወር ተገለባበጠ። ሰላጣ ከየሆቴሉ ጠፋ። የተቆረጠ ሐብሐብ የሚገዛ አልነበረም። የግመል ወተት ከፈላ ምኑን ወተት ሆነ ሲሉ የኖሩ ሽማግሌዎች ሳይቀሩ እያፈሉ ጠጡ። በእጁ ሲበላ የኖረው ሰው ማንኪያ በኪሱ ይዞ መዞር ጀመረ። ኤዶ ክሎሪን ያለበት ባልዲ በር ላይ አስቀመጡ። ትሪውን ግን አላነሱትም፤ እኛም ይነሣ አላልንም።

በዚያው ሰሞን ለፈተና ቁጥጥር አፍደም ወደሚባል ወረዳ ተላክሁ። አንድ ሳምንት ሙሉ ከታሸገ ውሃ፣ ከብስኩትና ራሴ ከቀቀልኩት እንቁላል ሌላ አልቀመስኩም፤ ባልደረቦቼ ይስቁብኝ ነበር። ጤነኛ ሆኜ ተመለስኩ። ጓደኛዬ ግን ከስቶ ጠበቀኝ።

«ምን ሆነሃል?» አልኩት።

«ጥርሴን አሞኝ መብላት አቅቶኝ ነበር።»

ምሳ አብረን በላን። እንደ ልማዱ ሥጋውን በእጁ እየቆራረጠ ወደ እኔ ገፋልኝ።

በሦስተኛው ቀን እያስተማርኩ ሆዴ ተገለበጠ። ከሰዓት በኋላ እግሬ አልሸከም ሲለኝ በባጃጅ ወደ ሕክምናው ድንኳን ወሰዱኝ። ግሉኮሱ ክንዴ ላይ ተሰክቶ እያለ ነርሷ መዝገብ ይዛ አጠገቤ ቆመች።

«ከማን ጋር ነው የምትበላው?»

ብናገር የጓደኛዬን ቤት ሊረጩ፣ የኤዶን ምግብ ቤት ሊያሽጉ ነው። የጓደኛዬ ሚስት ነፍሰ ጡር ነበረች። «ብቻዬን» አልኳት።

«ሰባት ዓመት እዚህ ኖረህ ብቻህን?»

«ብቻዬን።»

ያ ውሸት ሰው ሊገድል ይችል እንደነበር አሁን ይገባኛል። ያኔ ግን ወዳጅ ያዳንኩ መስሎኝ ነበር። በተኛሁባቸው አምስት ቀናት ጓደኛዬ አንድም ጊዜ መጥቶ አልጠየቀኝም። ፈርቶ ነው ብዬ አልተቀየምኩትም።

ከድንኳኑ በወጣሁ በማግስቱ ምሳ ሰዓት ላይ ሄድኩ። ኤዶ በር ላይ አስቆሙኝ። የፕላስቲክ ሰሃን በእጃቸው ነበር፤ ውጭ ጥላው ሥር ለብቻዋ ወደተቀመጠች ወንበር አመለከቱኝ።

«አትቀየመኝ ልጄ» አሉኝ። «ከአፍደም ይዘኸው እንደመጣህ ጓደኛህ ነግሮናል። ሰው ይሸሽብኛል።»

ጓደኛዬ ውስጥ ነበር። ከስፖርት መምህሩ ጋር ትሪው ላይ አጎንብሷል። ድምፄን ሰምቷል፤ ቀና ግን አላለም። ሰሃኑን ተቀብዬ ሳልበላ አስቀመጥኩትና ሄድኩ። ከዚያ በኋላ መምህራኑም እኔ የቀዳሁበትን የውሃ ማሰሮ መንካት አቆሙ።

ሁለት ሳምንት ቆይቶ ወተት ተራ ላይ ሚስቱን አገኘኋት። ገና ሰላም ሳንባባል «አላህ ይስጥህ» አለችኝ።

«ለምኑ?»

«ለማንም ስላልተናገርክበት ነዋ። አንተ አፍደም እያለህ ያ በሽታ ሦስት ቀን ሲጥለው ቤት ደብቄ ነው ያስታመምኩት። ካንተ በቀር የሚያውቅ እንደሌለ ነግሮኛል።»

«አሚን» ብዬ ተለየኋት። ለእኔ የነገረኝ ግን የጥርስ ሕመም ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ከመማሪያ ክፍሉ በር ላይ ጠበቅሁት።

«ታመህ ነበር» አልኩት። «እያወቅክ አብረኸኝ በላህ።»

ቾኩን በጣቶቹ መሃል እያገላበጠ፣ «የዳንኩ መስሎኝ ነበር» አለ።

«እሺ፣ ይሁን። ከአፍደም አመጣው ያልከውስ?»

«ፈራሁ። እኔ እዚህ ዘመድ አለኝ፣ ልጅ ሊወለድልኝ ነው፤ ስሜ ከጠፋ የምሄድበት የለኝም። አንተ እንግዳ ነህ። ላንተ ቶሎ ይረሳልሃል ብዬ ነው።»

ሰባት ዓመት አብሬው በልቼ እንግዳ መሆኔን ያወቅሁት ያን ጠዋት ነው። አልተሳደብኩም። ደወሉ ተደወለ፤ ሁለታችንም ወደየክፍላችን ገባን።

ዝናቡ ሲያበቃ በሽታውም ቀነሰ። ማንኪያዎቹ ከየኪሱ ወጡ፣ ሰላጣውም ተመለሰ። ጓደኛዬ ሁለት ጊዜ ምሳ ጠራኝ፤ ሁለቱንም ጊዜ በልቻለሁ አልኩት። በቀጣዩ ዓመት ዝውውር ጠይቄ ወሎ ገባሁ።

እናቴ በመጣሁበት ቀን ወንድሞቼን ሰብስባ ማዕድ ዘረጋች። እጄን ታጠብኩ፣ ተቀመጥኩ፣ ግን እጄን መስደድ አቃተኝ። ለብቻዬ በሰሃን እንድታወጣልኝ ጠየቅኋት።

«ምን አስቀየምኩህ?» አለችኝ።

ምንም እንዳላስቀየመችኝ ነገርኳት። ምክንያቱን ግን እስካሁን አልነገርኳትም፤ እሷም ምግቤን ለብቻዬ እያወጣች ታቀርብልኛለች።