ሽቅብ ያቆምሁት መቅዘፊያ

ይህን ለነፍስ አባቴም ተናግሬው አላውቅም። ንስሐ በገባሁ ቁጥር ሐሜቱንም የሻርሁትን ጾምም እዘረዝራለሁ፤ ጉማራ ወንዝ ላይ ስደርስ ዘልዬው አልፋለሁ። ለማታውቁኝ ለእናንተ ልንገራችሁ።

ይበልጣል ባልደረባዬ ነው፤ ሁለታችንም ደብረ ታቦር የምናስተምር መምህራን ነን። ጎብኚዎች ትተውልን በሄዱት ሁለት ካያክ፣ እያንዳንዳቸው አንድ ሰው ብቻ በሚይዙ ጠባብ ጀልባዎች፣ ክረምቱ ሲወጣ ጉማራን እንወርድ ነበር። እሱ ድንጋይ ይወዳል። «ድንጋይ ጠላት አይደለም፤ ውሃው ወዴት እንደሚሄድ የሚነግርህ እሱ ነው። ከገጨኸው አትሽሸው፣ ተደገፈው» ይለኝ ነበር። እኔ ግን ድንጋይ ሳይ ሰውነቴ ይሸሻል፤ ስሸሽ እገለበጣለሁ። የቤተ ክርስቲያን ደጃፍ እንደሚስም ሰው ድንጋዩን ሁሉ እየሳመ ይወርዳል ብሎ «ተሳላሚው» የሚል ስም አወጣልኝ። መምህራኑም ተቀበሉት። ጥርስ ባዳ ነው፣ አብሬ እስቅ ነበር፤ ውስጤ ግን ያርር ነበር።

የዚያን ቀን የቀደምሁት እኔ ነኝ። ደንባችን ይታወቃል፤ የቀደመው ከታች ሆኖ መቅዘፊያውን ሽቅብ ካቆመ መንገዱ ደህና ነው፣ ና ማለት ነው። አግድም ከያዘው፣ ቁም፣ ወርደህ በእግርህ እለፍ ማለት ነው። ከመታጠፊያው በታች ውሃ የሸፈነው ድንጋይ ነበር። ገለበጠኝ፤ ሥሩ ሊያስቀረኝ ሲል ለጥቂት ተረፍሁ። መታጠፊያው ስለጋረደኝ ይበልጣል አላየም።

ዳር ወጥቼ እሱ የሚያየኝ ጉብታ ላይ ቆምሁ። አግድም መያዝ ነበረብኝ። ታዲያ ምን ነካኝ? «ተሳላሚው ዛሬም ሳመ» ሲል ገና ሳይናገር ሰማሁት። አንድ ቀን እንኳ እሱም ይሳም አልሁ። መቅዘፊያውን ሽቅብ አቆምሁት። እጄ አልተሳሳተም፤ አውቄ ነው ያቆምሁት።

አምኖኝ መጣ። ውሃው ድንጋዩ ላይ ለጠፈው፤ ጀልባው ታጠፈበት። ገመድ ዛፍ ላይ አስሬ ገብቼ ጎትቼ አወጣሁት። ትከሻው ከቦታው ወጥቶ ነበር። ዛሬም ቀኝ እጁ ከደረቱ በላይ አይነሳም፤ ሰሌዳ ላይ የሚጽፈው በግራው ነው።

ያን ጊዜ እንኳ ለምን አልተናገርሁም? «ጥፋቱ የእኔ ነው፤ አንተ በደህና ያለፍህበትን እኔ ማየት ተሳነኝ» አለኝ። እንዲያ የሚወደውን ወንዝ ዓይኔ ከዳኝ ብሎ ተወው። ልጅ ሲወልድም «ክርስትና አንሳልኝ፤ አባቱን ከሞት ያወጣኸው አንተ ነህ» አለኝ። አነሳሁለት። ሕፃኑን ታቅፌ፣ በእሱ ፈንታ ሰይጣንን እክዳለሁ ያልሁት እኔ ነኝ፤ የታቀፍሁትም በዚያችው መቅዘፊያ ባቆመች እጄ ነው።

እናንተ ይፍታህ አትበሉኝ። ሊፈታኝ የሚችለው እሱ ነው፤ እሱ ደግሞ የሚፈታው ነገር እንዳለ አያውቅም። ተሳላሚው ማለቱን ከተወ ቆይቷል። ነገም በትምህርት ቤቱ በር ሲያገኘኝ «አበልጄ» ብሎ በግራ እጁ ይጨብጠኛል።