ኖር ያልተባለለት እንግዳ

አባቴ እዚህ አሜሪካ፣ አሌክሳንድሪያ ከተማ አንድ ሆቴል ውስጥ ሻንጣ ሲሸከሙ ወገባቸው ተጎድቶ የአካል ጉዳት ድጎማ ያገኙ ነበር። ጉዳታቸውን የሚያጣራው የመንግሥት ሠራተኛ ቤታችን ሲመጣ ግን፣ ሰው ገብቶማ ቁጭ አይባልምና፣ ጥርሳቸውን ነክሰው "ኖር!" እያሉ ተነሱ። እሱም "እንደ ልባቸው ይነሳሉ" ብሎ ሪፖርት አደረገ። እስካሁን ያንገበግበኛል።

በኋላ ድጎማው ይቀነስ ሲባል ሲልቨር ስፕሪንግ ከተማ ስብሰባ ተጠራ፤ ልንቃወም ሄድን። ቅነሳውን የሚደግፈው የምክር ቤት አባል የሰዉን እጅ እየጨበጠ ወደኛ መጣ። እኔ ሞኟ፣ እንደ ልማዳችን አባቴን ላስነሳ ብብታቸውን ያዝኩ። እጄን ገፉት።

"ተዪኝ! ዛሬ ኖር የለም። ጤነኛ ወገብ ያለው እሱ ነው፤ እሱ ጎንበስ ይበል።"