የግዙፎቹ ሳህን

ደቻቱ ወንዝ ዳር ያለው ሰፈራችን የታሪክ ቀን አከበረ። ዳሱ ውስጥ ቅርስ ተደርድሯል። ዞር ዞር ስል፣ አምና ጎርፍ የወሰደብኝ የፍየሎቼ የድንጋይ ገንዳ ቀይ ጨርቅ ላይ ጉብ ብሏል! የኮሚቴው ሊቀመንበር ለእንግዶች ያስረዳል፦

«ጥንት እዚህ የኖሩት ግዙፎቹ ሐርላዎች ሾርባ ይጠጡበት የነበረ ሳህን ነው።»

እንግዶቹ ፎቶ ያነሱታል።

«አቦ፣ የኔ ገንዳ ነው!» አልኩት።

«አንቺ፣ ቅርስ አትንኪ!»

«ስንጥቁን ከሥሩ በሲሚንቶ የደፈነው ባሌ ነው። ገልብጠህ እየው!»

ተጋግዘው ገለበጡት። ሲሚንቶው ፍንትው ብሎ ታየ። እሰይ፣ አሁን ያፍራል ብዬ ጠበቅኩ። ሊቀመንበሩ ጎንበስ ብሎ ሲሚንቶውን በጣቱ ዳበሰና ፊቱ በርቶ ወደ እንግዶቹ ዞረ።

«አያችሁልኝ? ሐርላዎች ሲሚንቶም ያውቁ ነበር!»