የቆላው እንግዳ

ዝናብ የነካው ቁርበት ሲሸተኝ ልቤ ዛሬም ድንግጥ ይላል። ባለፈው ክረምት ጎረቤቴ ቁርበቷን ደጅ ረስታው ካፊያ መታው፤ ሽታው አጥሩን አልፎ መጣና እኔን ከሰቆጣ አንስቶ፣ ያን ሁሉ ገደል አውርዶ፣ ልጅ ሆኜ ከተኛሁበት፣ እታች ካለው ከዝቋላ ቆላ ጣለኝ። ሙቀቱ ሲጠናብን እናቴ የምንተኛበትን ቁርበት ውኃ ትረጨው ነበር፤ ጀርባችን ለትንሽ ጊዜ እፎይ ይልና፣ ብዙም ሳይቆይ ቁርበቱ ራሱ ግሎ፣ እርጥብ ሙቀት ሆኖ ይጣበቅብን ነበር።

በጋውን አልወቅሰውም። በጋ ሙቀቱ ደረቅ ነው፤ መላ አለው። ወፍ ሳይንጫጫ ተነስተን ሥራችንን እንጨርስና፣ ፀሐይ አናት ላይ ስትወጣ ከሁመሩ ዛፍ ሥር ገብተን፣ ፍሬውን በውኃ ዘፍዝፈን ኮምጣጣውን እየጠጣን እንውል ነበር። መንገድ ስንሄድ እናቴ «ውኃውን አፍሽ ውስጥ ያዢው፤ የሚቀጥለው ዛፍ ሳትደርሺ እንዳትውጪው» ትለኝ ነበር። ይኸው አሁንም ገበያ ስሄድ ሳላውቀው ውኃ በአፌ ይዤ እሄዳለሁ፤ ሰው ሰላም ሲለኝ በራሴ ነቅነቅ ብዬ ሳልፍ ኩሩ ትመስላለች ይሉኛል አሉ።

ክረምቱ ነበር የሚያስፈራው። ደገኛ ክረምትን በብርዱ ነው የሚያውቀው፤ እኛ ዘንድ ግን ዝናቡ አባርቶ ፀሐይ ብቅ ስትል፣ መሬቱ ክዳኑ እንደተከፈተ ድስት ይተን ነበር። ጨው በዕቃው ውስጥ እያላበ ይሟሟ፣ ጠፍር ይሻግት፣ ማሽላው ከሰው ቁመት በላይ ወጥቶ ነፋሱን ይዘጋው ነበር። ሰው የሚተነፍሰው በእርጥብ ጨርቅ ውስጥ ይመስል ነበር። እንዲህ ሲሆን እናቴ ከዚያ ቀጥሎ የሚመጣውን ታውቅ ነበር።

የሚመጣው ንዳድ ነበር፤ ስሙን ግን በቤታችን ማንም አይጠራውም። ከጠሩት ይሰማል፣ ከሰማ ይመጣል ትል ነበር እናቴ፤ ስለዚህ «እንግዳው» እንለው ነበር። አንድ ሰው ተንቀጥቅጦ ከተኛ «እንግዳው ገባበት» ይባላል፤ ካለፈለት «እንግዳው ሄደለት» ይባላል። እኔ ልጅ ነኝና የሰውን እንግዳ ከዚያኛው መለየት አልችልም ነበር። መንገደኛ መጥቶ «ቤቶች» ብሎ ሲጣራ፣ እናቴ «ይግቡ» ስትል፣ እኔ ከጎታው ኋላ ገብቼ ትንፋሼን እውጥ ነበር።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል እናቴና እኔ ሽቅብ ወጥተን፣ ደጋ ላይ ታላቅ እህቷ አክስቴ ትርንጎ ዘንድ እንሰነብት ነበር። አባቴ ሞላ ግን ማሽላውን ከዝንጀሮና ከወፍ ለመጠበቅ እዚያው ይቀራል። «እኔን አይነካኝም፣ ደሜ መራራ ነው» ይል ነበር። አክስቴም «ደመ መራራነትህንስ ማን ካደህ» ትለውና ይሳሳቁ ነበር።

አንድ ዓመት ለዘመን መለወጫ ይመጣል ስንል ቀረ። በማግስቱ አያ ረዳ የሚባል፣ ቆላ ከእርሻችን ወዲያ ካለው ሸንተረር የሚኖር ሰው፣ አህያ እየነዳ ወደ ገበያ ሲያልፍ ከአጥሩ ማዶ ቆመ። የቤታችንን አነጋገር አያውቅም።

«ስመኝ፣ ሞላ እንግዳ ገብቶበታል፤ አትጠብቁኝ ብሏል።»

እናቴ የያዘችውን ወንፊት ቀስ አድርጋ አስቀመጠች። «መቼ ገባበት?»

«ትናንት ወዲያ መሰለኝ።»

«ከባድ ነው?»

«ከባድ ነው እንጂ። እንዲህ በዋዛ የሚለቀውም አይመስል» አለና፣ ሳቅ ብሎ አህያውን ቸብ አድርጎ ሄደ።

እናቴ በሰው ሞት የሚስቅ ሰው ያየች ይመስል ከኋላው ፈዝዛ ቀረች። ከዚያ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረች። አክስቴ በሩ ላይ ቆመችባት።

«በመስከረም ቆላ የሚወርድ ምን ጎድሎት ነው?»

«ታዲያ ሞላን ብቻውን ለእሱ ልተውለት?»

አክስቴ ስትቆጣ በአገውኛችን በኽምጣንጋ ነበርና የምትቆጣው፣ እየተቆጣች ቅሉን ውኃ ሞላችልን፣ እየተቆጣች ቆሎ ቋጠረችልን። እኔ ለምን እንደሄድኩ ትሉኝ ይሆናል፤ እናቴ አባቴን ደግፋ ስትመልሰው ውኃውን የሚይዝላት ሰው አልነበረም። «እዚያ እንዳታድሩ» አለችን አክስቴ፣ እስክንሰወር ቆማ።

ቁልቁለቱን በወረድን ቁጥር አየሩ እየወፈረ፣ እየከበደ መጣ። እናቴ ነጠላዋን ከምንጭ ነክራ አናቴ ላይ ጣለችልኝ፤ ነጠላው ሳይደርቅ ሞቀ፣ እንደ ታመመ ሰው እጅ ሆኖ ፊቴ ላይ ተለጠፈ። እየፈራሁ «እማ፣ እንግዳው የት ነው የሚቀመጠው?» ብላት «አፍሽን ዝጊ፣ በአፍ ነው የሚገባው» አለችኝ፤ አፌን ዘግቼ በአፍንጫዬ ብቻ እየተነፈስኩ ወረድኩ። ከእርሻችን በላይ ካለው አፋፍ ስንደርስ እናቴ ቆማ አዳመጠች። አባቴ ዝንጀሮ ሲያባርር የወንጭፉ ጩኸት ከዚያ ድረስ ይሰማ ነበር። ያን ቀን አልተሰማም። ዝንጀሮዎቹ ማሽላው ውስጥ እንደ ቤታቸው ተቀምጠው ይበላሉ። እናቴ ያን ስታይ እጄን ለቀቀችኝና ሮጠች።

አባቴ ከሁመሩ ሥር፣ ቁርበት ላይ ተዘርግቶ ተኝቷል። እላዩ ላይ ወድቃ ግንባሩን፣ አንገቱን፣ ደረቱን ስትዳብስ ብድግ ብሎ «ማነው የሞተው?» አላት። ጠላ ጠላ ይሸት ነበር። ወዲያው አንድ ግዙፍ ሰው ቅል ተሸክሞ ከወንዙ በኩል መጣ። ከኒሯቅ ማር ይዞ የመጣ የአባቴ የጥንት ወዳጅ ነበር፤ ሲጫወቱ ሰንብተው፣ እንቅልፍ ጥሏቸው ነው ማሽላው ለዝንጀሮ የተረፈው።

«እንግዳ አለብኝ ብዬ ልኬብሽ የለም?» አለ አባቴ።

ሰውየውም ጥፋቱ የሱ መስሎት፣ እጅ ነስቶ «እንግዳውስ እኔ ነኝ፣ እቴ» አላት።

እናቴ መሬት ላይ ቁጭ አለች። እየሳቀች ታለቅስ፣ እያለቀሰች ትስቅ ነበር። እኔ ግን ያ ሰው በገዛ አፉ ነኝ ብሏልና ከሁመሩ ግንድ ኋላ ገብቼ ማሩን እንኳ አልቀምስም አልኩ።

ዳገቱን ለመውጣት ጀምበር አልቀረችንም። እዚያው አደርን። ሙቀቱ ቀን ከነበረው አልቀነሰም፤ እናቴ ቁርበቱን ረጭታ አስተኛችኝና፣ አጠገቤ ተቀምጣ በነጠላዋ ታራግብልኝ ጀመር። በነቃሁ ቁጥር ያ ነጠላ ሽው ሽው ይላል። አንዴ «አንቺስ አትተኚም?» ብላት «ይሞቅሻል፣ ተኚ» አለችኝ።

ደጋ ተመልሰን፣ የመስቀል ደመራ ተቃጥሎ ብዙ ሳይቆይ፣ እናቴ ከአክስቴ ደጅ ተቀምጣ ፀሐይ እየሞቀች ሳለ መንቀጥቀጥ ጀመረች። ጋቢ ደረብንላት፣ ለምድ ደረብንላት፤ የጥርሷ መጋጨት ግን ከውጭ ይሰማ ነበር። ተልኮበት አባቴ ሲመጣ አጠገቧ ተንበርክኮ ግንባሯን ያዘ። አክስቴ በሹክሹክታ «እንግዳው ነው» አለችው።

«እንግዳ አትበሉት» አለ አባቴ። «እንግዳ ያመሰግናል፣ ይሄዳል። ንዳድ ነው።»

ስሙን ሲጠራው ጣሪያው የሚወድቅብን መሰለኝ። እናቴ ዓይኗን ገልጣ «ዝም በል፣ ይሰማሃል» አለችው። አባቴ ግን «ንዳድ፣ ንዳድ» ይል ነበር፣ እንባው እየወረደ።

ጠበሉም፣ ፌጦውም፣ ስለቱም ተደረገና እናቴ ተረፈች። ከዚያ ወዲያ ግን መልኳ አልተመለሰም፤ በየክረምቱ መውጫም ያ ነገር ይመለስባት ነበር። አባቴ ማሽላውን ለዝንጀሮ ትቶ፣ ፍየሎቹን ለወንድሙ ሰጥቶ ደጋ ቀረ፤ ገብስ ማረስ ሳይሆንለት፣ በብርዱ እያሳለ አረጀ። «ቆላ ይናፍቅሃል?» ሲሉት ወደ እናቴ ያይ ነበር።

ዛሬ ልጆቹ በስሙ ጠርተው ወባ ይሉታል፤ አይደነግጡም፣ ኪኒኑ አለ። ሰቆጣም እንደ ድሮዋ ቀዝቃዛ አይደለችም፤ እኛ ሸሽተነው የወጣነው ሙቀት ዳገቱን ቀስ ብሎ ተከትሎን ወጥቷል፤ ከዚህ በላይ ወዴት እንደሚወጣ አላውቅም። ዘንድሮ የልጅ ልጄ ከአልጋዬ በላይ አጎበር እየሰቀለች «አያቴ፣ የምታመጣው እኮ ትንኝ ናት፤ ሰው ላይ እንዳታርፍ ነው» አለችኝ።

እኔ ያን የእናቴን ነጠላ አሰብኩ። ሙቀቱን ልታባርርልኝ ነበር የምታራግበው፤ ሙቀቱስ አልሄደም። ለካ ሳታውቀው ሌላውን ስታባርርልኝ ነው ያደረችው፤ ከእኔ ላይ እየተነሳ የት ያርፍ እንደነበር አሁን ገባኝ።

የልጅ ልጄ የወለደችው ሕፃን ሲተኛ አጠገቡ ተቀምጬ በነጠላዬ አራግብለታለሁ። አጎበር አለው እኮ ይሉኛል። አዎ፣ አለው።